የጋዜጠኛ ስልክ ስንት ያወጣል?

ቆቦ ላይ ሽንኩርት ሲደርስ ገበሬው ከመኪና በፊት የሚፈልገው ደላላ ነው። ደላላው ወልድያ፣ ደሴና አዲስ አበባ ዛሬ ማን እንደሚገዛ፣ ማን እጅ በእጅ እንደሚከፍልና ማን «ነገ ና» እያለ እንደሚያጉላላ ያውቃል። ይህን ሁሉ ስልኩ ውስጥ ይዞት ይዞራል። ማውጫውን ሸጦ የከበረ ደላላ ግን እስካሁን አልሰማሁም። የሚያገኘው ኮሚሽን ነው፤ ጭነቱ ካልተሸጠ ኮሚሽንም የለም።

በሕዝብ ግንኙነት ሥራ ግን የሚሸጠው ማውጫው ራሱ ነው። በውጭው ዓለም እንደ ሲዥንና ማክ ራክ ያሉ ኩባንያዎች የጋዜጠኞችን ስም፣ የሚዘግቡበትን ዘርፍና አድራሻ በዓመታዊ ክፍያ ያቀርባሉ። ክፍያው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ማለፉን ያስታወሰ፣ የአዲስ አበባ ሕዝብ ግንኙነት ድርጅቶች ለምን ወደ አገር በቀሉ ዝርዝር እንደሚያዘነብሉ ይገባዋል። አገር በቀሉ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስም፣ ተቋም፣ ስልክና ኢሜይል የተደረደሩበት የኤክሴል ሰንጠረዥ ነው። ከቢሮ ቢሮ ሲገለበጥ ስለኖረ የመጀመሪያው አዘጋጅ ማን እንደሆነ አይታወቅም።

እስቲ ሒሳቡን ወደ ቆቦ እናምጣው። በጎሊና ወይም በሆርማት መስኖ የሚያለማ አንድ የሽንኩርት አምራቾች ማኅበር ዋጋ ወድቆበት ድምፁን ማሰማት ፈለገ እንበል። አንድ ሰው የ400 ጋዜጠኞችን ዝርዝር በ10 ሺህ ብር ልሽጥላችሁ ቢል፣ አንዱ ስም 25 ብር ይመጣል። ርካሽ ይመስላል። አሁን የስፖርቱን፣ የመዝናኛውንና ከአዲስ አበባ የማይወጣውን እንቀንስ፤ ሥራ የለቀቀውንም እናውጣ። ስለ ራያ ቆላ መስኖ ሊዘግብ የሚችል አምስት ሰው ቢተርፍ፣ አንዱ ስም 2 ሺህ ብር ሆነ ማለት ነው። እነዚያን አምስቱን ደግሞ የወረዳው ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ከስልኩ አውጥቶ በነፃ ይሰጣል።

የዝርዝር ገበያ ሌላም ጣጣ አለው። ኢኮኖሚስቱ ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1962 እንዳመለከተው፣ መረጃ የሚገዛ ሰው ሳያየው ዋጋውን ሊያውቅ አይችልም፤ ካየው ደግሞ በነፃ አግኝቶታል። ቆቦ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ገልጦ ያያል፣ አስነስቶ ያስኬዳል። የስልክ ዝርዝር ሻጭ ግን ጥርሱን ከገለጠ ሰንጠረዡ ተገለበጠ። ስለዚህ ናሙና ብሎ የሚያሳየው የታወቁትን ጥቂት ስሞች ብቻ ነው፤ እነሱን ደግሞ ገዢውም ያውቃቸዋል።

ስለ ደላላ ከተጻፉት ሁሉ የምወደው የዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን ጥናት ነው። ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከመምራታቸው ዓመታት በፊት፣ የአገራችንን የእህል ገበያ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ሥራ፣ ደላላ የነጋዴውን የፍለጋ ወጪ እንደሚቀንስና ወደ ደላላ የሚሄደውም ገዢ ራሱ መፈለግ የሚከብደው ነጋዴ መሆኑን አሳይተዋል። «ደላላ ገበሬውን በላው» ለሚለው ለሁላችንም የሚመች ክስ ጥሩ ማረሚያ ነው።

ግን ደላላው መረጃውን ለምን ያድሳል? ክፍያው ገና ስላልመጣ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት አትክልት ተራ ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር፣ ገዢዎቹ የት እንደገቡ ሳያውቅ አንድ ሳምንት የቆየ ደላላ ያንን ሳምንት ጾሙን አደረ። የዝርዝር ሻጭ ገንዘቡን አስቀድሞ ተቀብሏል። የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት በ2011 ዓ.ም. ፈርሶ በ2014 ዓ.ም. አገልግሎት ሆኖ ሲመለስ፣ ዋልታ ከፋና ጋር ሲዋሐድ፣ ስንቱ ጋዜጠኛ ወንበር ቀየረ? ሰንጠረዡ ላይ ግን እዚያው ተቀምጧል።

ታዲያ እንደ ሽንኩርቱ፣ ዜና በወጣ ቁጥር ኮሚሽን እንክፈል? እዚህ ላይ ንጽጽሩ ይሰበራል። በዜና ልክ የሚከፈል ገንዘብ ጋዜጠኛው እጅ ከደረሰ ስሙ ጉቦ ነው። ለተቋሙ ከተከፈለ ደግሞ ማስታወቂያ ነው፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ደግሞ ማስታወቂያ ከሌላ ይዘት ተለይቶ እንዲቀርብ ያዛል። «ለትራንስፖርት» እየተባለ ለጋዜጠኛው በፖስታ የሚሰጠውም ከጉቦ የራቀ አይደለም፤ ሁላችንም እያወቅን የምናልፈው ጉዳይ ነው። በግል ስልክ ንግድ ላይ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መጥቷል። ሻጩ የእነዚያን 400 ሰዎች ፈቃድ ከየት እንዳመጣ መጠየቅ ከእንግዲህ የገዢው ጉዳይ ነው።

ዝርዝር መግዛት ሁልጊዜ ኪሳራ ነው ማለቴ አይደለም። ሰሊጥ ወይም ቡና ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት፣ ሐምቡርግ ወይም ዱባይ ስለ ምርት ገበያ የሚጽፈውን ሰው ከአዲስ አበባ ሆኖ ልፈልግ ቢል ወራት ይፈጅበታል። የፍለጋ ወጪው እውነተኛ ስለሆነ መክፈሉ ያዋጣዋል። የአንድ ወር ብቻ ውል ቢገኝ ደግሞ ከዓመታዊው ይሻላል።

የቆቦው ማኅበር ያለበት ሁኔታ ግን ሌላ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ 400 ኢሜይል ቢኖረው ምን ሊያደርገው ነበር? የሚያስፈልገው ደሴና ባሕር ዳር ስልክ የሚያነሱለት ሦስት አራት ሰዎች ናቸው። ስልኩን ያነሳው ጋዜጠኛ ደግሞ ወዲያው የሚጠይቀው ኪሎው ባለፈው ሳምንት በስንት እንደተሸጠ፣ ዛሬ በስንት እንደሆነ፣ ስንት ኩንታል ማሳ ላይ እንደቀረ ነው። ይህን በየቀኑ የሚመዘግብ ሰው ማኅበሩ ከሌለው፣ 10 ሺህ ብሩን ለእሱ ደመወዝ ቢያውለው ይሻላል።