ከጀርባው ስም ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ

ምን አለሽ ተራ በመርካቶ ውስጥ ያገለገለ ዕቃ ሁሉ የሚሰበሰብበት ሰፈር ነው። ቆራሌው ከየቤቱ እየዞረ የሚገዛው ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ በርሜልና የአልጋ ብረት ብዙውን ጊዜ መድረሻው እዚያ ነው። ከዚህ ሁሉ ዕቃ መካከል አንዳንዴ ፎቶግራፍ እንደ ያዘ የመጣ ፍሬም ይገኛል። ፍሬሙና መስተዋቱ ገዢ አያጡም። በውስጡ ላሉት ሰዎች ግን ዋጋ የሚጠይቅ የለም።

ይኸ የሚሆነው ቤተሰቡ ስለ ጠላቸው አይደለም። አያት በስም ያውቃሉ፤ እናት በጥቂቱ ታስታውሳለች፤ ልጅ «የማን ዘመድ ይሆኑ?» ይላል፤ የልጅ ልጅ ቤት ሲለቅ ለቆራሌው ይሸጣል። ሰዎቹ ከቤት የወጡት ስማቸው ስላልተጻፈ ብቻ ነው። ታዲያ በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ያለን የማይታወቅ ሰውና ቦታ እንዴት መለየት ይቻላል? ውድ አንባቢያን፣ መንገዱን በቅደም ተከተል እንመልከት።

አንደኛ፣ ከፊቱ በፊት ጀርባውን ማየት ነው። ፎቶው ከመስተዋቱ ጋር ካልተጣበቀ ከፍሬሙ ቀስ ብሎ ማውጣት፤ ከተጣበቀ ግን አለመጎተት። ከጀርባው የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ «ለማስታወሻ» የሚል ጽሑፍ ወይም ዓመት ሊገኝ ይችላል። ዓመቱን ስናነብ እንጠንቀቅ። የኛና የአውሮፓውያን አቆጣጠር በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያያል። 1968 የሚለው በእኛ ከሆነ ዘመኑ የደርግ ነው፤ በአውሮፓውያን ከሆነ ግን የእኛ 1960 ወይም 1961 ነውና ንጉሠ ነገሥቱ ገና ዙፋን ላይ ናቸው። በግዕዝ አኃዝ የተጻፈ የእኛ መሆኑ አያጠራጥርም ማለት ይቻላል። ውጭ አገር በታጠበ ፎቶ ላይ የታተመ ቁጥር ግን የነሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ከሰዎቹ ጀርባ ያለውን ቦታ መመርመር ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ1929 ጣሊያኖች አነሡት፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ተተከለ። የአፍሪካ አዳራሽ የተመረቀው በ1953፣ የትግላችን ሐውልት ደግሞ በ1977 ነው። ስለዚህ ትግላችን ሐውልት ከታየ ፎቶው ከ1977 ወዲህ የተነሣ ነው እንላለን። «ይኸ መርካቶ ነው» የሚባል ፎቶ ላይ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በቅርብ ከታየ ግን እንጠራጠር፤ ትልቁ ገበያ ቀድሞ አራዳ ነበርና። ወደ ዛሬው መርካቶ የተዛወረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ፎቶ ቤት ውስጥ የተሣለ መጋረጃ ደግሞ ቦታ አይደለም። አውሮፕላን ወይም ቤተ መንግሥት ስለ ታየ ሰውዬው እዚያ ነበሩ ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

ሦስተኛ፣ ልብስ ነው። የዕድገት በኅብረት ዘመቻ የካኪ ልብስ 1967 ዓ.ም.ንና ቀጥሎ ያለውን ጊዜ ያመለክታል። የነጠላው ጥለት ወደ አንገት ወጥቶ ከተለበሰ ሐዘን ሊሆን ይችላል፤ ሐዘን ከሆነ ደግሞ ማን እንደ ሞተና መቼ እንደ ሆነ የሚያስታውስ አይጠፋም። ነገር ግን ፎቶ ቤቶች ኮትና ከረባት ያውሱ ስለ ነበር በኮት ብቻ ሀብታም ወይም ባለ ሥልጣን ብሎ መፍረድ አይገባም።

አራተኛ፣ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው መሄድ ነው። እቅፍ ላይ ያለው ሕፃን ታላቅ ወንድማችን መሆኑን ካወቅን፣ የልደቱ ዓመት ለፎቶው ዓመት ይሰጠናል። መመሳሰል ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አክስትና የእህት ልጅ ቁርጥ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ እኮ!

አምስተኛውና ዋናው አዋቂ መጠየቅ ነው። አጠያየቁም ዘዴ አለው። «እማማ፣ ይቺ እትዬ እገሌ አይደሉም?» ብንል «አዎ ልጄ» ብለው ሊያልፉት ይችላሉ። ስም ሳንሰጥ «እማማ፣ እነዚህ እነማን ናቸው? የት ነው? ምን ቀን ነበር?» ማለት ይሻላል። ለሁለት ሽማግሌዎች ለየብቻ አሳይቶ መልሳቸውን ማስተያየት ያስፈልጋል። ዘመድ ያላወቀውን የጥንት ጎረቤት ወይም የዕድር ሰው ያውቀዋል። ውጭ አገር ላለ ዘመድም ዛሬ በስልክ አንሥቶ መላክ ቀላል ነው።

የተገኘውን ስም በእስክሪብቶ ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ፣ ከጀርባው ጠርዝ ላይ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በተራ መጻፍ ነው። ማን እንደ ነገረንና መቼ እንደ ነገረን አብሮ ይጻፍ። ያልተረጋገጠው «ይመስላል» ይባል። የተሳሳተ ስም ከባዶ ጀርባ ይብሳል፤ ከኛ በኋላ የሚመጣው እውነት ብሎ ይቀበለዋልና።

ይኸን ያህል መድከም ምን ዋጋ አለው የሚል ቢኖር፣ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይመልከት። በግድግዳው ላይ የተደረደሩት የሟቾች ፎቶግራፎች ናቸው። አስከሬን እንኳ ላላገኘ ቤተሰብ አንዲት ጉርድ ፎቶ መቃብርም ምስክርም ናት። እንዲህ ያለችውን ፎቶ ከሌላው የሚለያት ስሟን የሚያውቅ ሰው በጊዜው መገኘቱ ነው።

እኛ ዕጩ መምህራን ነገ ክፍል ስንገባ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ ፎቶ መርጦ በላዩ ያሉትን ሰዎች ስምና ቦታውን ጠይቆ እንዲጽፍ ብናደርግ የታሪክ ትምህርት ከቤት ይጀምራል። ፎቶው ከቤት መውጣት የለበትም፤ ጽሑፉ ይበቃል። እስከዚያው ግን ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ በራሳችን እንጀምር። ፎቶው ሣጥን ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ስሙን የሚያውቁት እናቶችና አባቶች ግን ያን ያህል አይቆዩልንም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ነውና ዛሬውኑ እንጠይቅ!