የገጠር መሬትን ስለ ማስተዳደር፤ በፌዴራሉ መንግሥትና በክልሎች መካከል ሥልጣኑ እንዴት እንደ ተከፈለ

በ1967 ዓመተ ምሕረት የካቲት 25 ቀን በታወጀው ዐዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ባለመሬትና ጭሰኛ መባባልም ቀረ። ያን ጊዜ ሕጉን የሚያወጣውም የሚያስፈጽመውም አንዱ ማዕከላዊ መንግሥት ስለ ነበረ፤ የአውራጃውና የወረዳው ሹም ትእዛዝ የሚጠብቀው ከአንድ በር ብቻ ነበር።

በ1987 ዓመተ ምሕረት የጸናው ሕገ መንግሥት ግን ይህን ሥርዐት ለወጠው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን በአንቀጽ 40 ካጸና በኋላ፤ ሥልጣኑን ለሁለት ከፈለው። ይኸውም ስለ መሬት አጠቃቀምና አጠባበቅ ሕግ ማውጣት በአንቀጽ 51 ለፌዴራሉ መንግሥት ሲሰጥ፤ በዚያ ሕግ መሠረት መሬቱን ማስተዳደር ደግሞ በአንቀጽ 52 ለክልሎች ተሰጠ።

ክፍፍሉ በወረቀት ላይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ችግሩ የሚታወቀው ባላገሩ ደብተሩን ይዞ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ሲቆም ነው። የትግራይ ክልል ከ1990 ዓመተ ምሕረት ገደማ ጀምሮ ለገበሬዎች የይዞታ ማረጋገጫ ሲሰጥ፤ ወረቀቱ የሚጻፈው በአባወራው ስም ነበር፤ ባል የሌላት ሴት ካልሆነች በቀር የሚስት ስም አይገባበትም ነበር። ዘግይቶ የጀመረው የአማራ ክልል ግን የባልንም የሚስትንም ስም ጽፎ፤ የሁለቱንም ፎቶግራፍ በደብተሩ ላይ አኖረ። ሁለቱም ክልሎች በተሰጣቸው ሥልጣን ሠርተዋል፤ ነገር ግን ባል የሞተባት ወይም ፍቺ የደረሰባት ሴት በአንደኛው ደብተሯን ስታሳይ፤ በሌላው ምስክር ስትፈልግ ትውል ነበር። እንዲህ ያለው ልዩነት ትንሽ ነገር አይደለም፤ የሚያርሱት መሬት ከሌለ የሚበሉት የለምና።

በ1997 ዓመተ ምሕረት የወጣው የፌዴራል ዐዋጅ ቁጥር 456፤ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ማረጋገጫ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። በዚህ ነገር ክልሎች ሊለያዩ አይገባም ማለት ነው። የመሬት ኪራይን ዘመን ግን ለክልሎች ስለ ተወው፤ የአማራ ክልል በ1998 ዓመተ ምሕረት ባወጣው ዐዋጅ ቁጥር 133 እስከ 25 ዓመት ማከራየትን ሲፈቅድ፤ ኦሮሚያ በ1999 ዓመተ ምሕረት ባወጣው ዐዋጅ ቁጥር 130 ገበሬው ከይዞታው እኩሌታውን ብቻ፤ በልማድ አራሽ ለሆነ 3 ዓመት፤ በዘመናዊ መሣሪያ ለሚያርስ 15 ዓመት እንዲያከራይ ወሰነ። በሁለቱ ክልሎች ወሰን ላይ ጎረቤት የሆኑ ገበሬዎች ተመሳሳይ ውል ቢዋዋሉ፤ የአንዱ ሲጸና የሌላው ሊፈርስ ይችል ነበር።

ዐዋጅ ቁጥር 456 በ2016 ዓመተ ምሕረት በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። እንግዲህ የወረዳው ሹም የቀድሞውን የክልል ሕግ ብቻ አንብቦ ውል ከመመዝገቡ አስቀድሞ፤ ከአዲሱ ጋራ ሊያስተያየው ይገባል። የቀደሙትም መዛግብት መታየት አለባቸው፤ በጋራ ይዞታ ላይ ስሟ ያልገባ ሚስት ብትገኝ፤ ባልና ሚስቱ በሰላም ሳሉ ይመዝገብላት። ጠብ ከተነሣ በኋላ የጸሐፊ ሥራ የነበረው ነገር የፍርድ ቤት ሙግት ይሆናል፤ ሙግቱም የእርሻውን ወራት ይበላል።