ለአልጋ ሲባል የተወለደ ሕክምና

በ1935 በምዕራብ ለንደን፣ አይዝልዎርዝ በተባለው አካባቢ የሚገኘው ዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል ከአጥሩ ማዶ የነበረውን የድሆች መጠለያ ከነሕመምተኞቹ ተረከበ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሕመምተኞቹ ቁጥር 714 ነበር። ጥቂት ወላዶችና ለአእምሮ ክትትል የገቡ ሰዎች ቢኖሩባቸውም፣ የሚበዙት መነሣት የማይችሉ፣ ወይም አይችሉም የተባሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። ኃላፊነቱ የወደቀው በሆስፒታሉ ምክትል የሕክምና ኃላፊ በዶክተር ማርጆሪ ዋረን ላይ ነው። ዋረን ለቀዶ ሕክምና የምታደላ ሐኪም ነበረች። አረጋውያንን ላገልግል ብላ አልመጣችም፤ ሥራው ራሱ ነው የመጣባት።

ያገኘችውን በኋላ በሕክምና መጽሔቶች ላይ ጽፋዋለች። ብዙዎቹ በወጉ የተመረመሩበትና ሕመማቸው ይህ ነው ተብሎ የተለየበት ጊዜ አልነበረም። አእምሮው ጤነኛ የሆነው ከተቃወሰው ጎን፣ ሽንቱን የሚቆጣጠረው ከማይቆጣጠረው ጎን ተደባልቆ ተኝቷል። ግድግዳው የደበዘዘ፣ መብራቱ የፈዘዘ ነው። ነርሶቹ ጥቂት ስለሆኑ፣ ሰውን አስነሥቶ ከማስቀመጥ ይልቅ አንሶላውን ጥርቅም አድርጎ ማስተኛት ይቀላቸዋል። በዚህ ሁኔታ ሰው ዓመታት ይተኛል፤ ከዚያ ይሞታል፤ አልጋው ለሌላ ይሰጣል።

እንግሊዝ ሐኪም አጥታ አይደለም ይህ የሆነው። በ1834 የወጣው የድሆች ሕግ መጠለያዎቹን ሆን ብሎ የማይመቹ አድርጎ ነበር የሠራቸው፤ አማራጭ ያለው ሰው እንዳይመጣ። ጤነኛው ድሃ በእርግጥ ሸሻቸው። መሸሽ የማይችለው፣ ጧሪ የሌለው ሽማግሌ ግን ወደዚያው ገባ፤ መጠለያውም ቀስ በቀስ ሆስፒታል ያልሆነ ሆስፒታል ሆነ። በሌላ በኩል በምጽዋት የሚተዳደሩት ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ የሕክምና ተማሪዎች የሚማሩባቸው፣ በሽተኛ መርጠው ነበር የሚያስገቡት። ቶሎ የሚድነውንና ለትምህርት የሚመቸውን ይቀበላሉ፤ የሚቆየውን አይቀበሉም። የዚህን ውጤት ልብ በሉ፦ አንድ ጎበዝ ተማሪ ስትሮክ የመታውን የ75 ዓመት ሰው ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ምን እንደሚሆን ሳያይ ይመረቃል። የማያየውን ነገር ደግሞ ሕክምና አለው ብሎ አያስብም። በ1929 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ የድሆች መጠለያ ሕክምና ክፍሎችን ወደ ካውንቲ ምክር ቤቶች ባያዛውር ኖሮ፣ እንደ ዋረን ያለ ሐኪም ያንን አጥር የሚያሻግር ምክንያት አልነበረውም።

የአረጋውያን ሕክምና ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከዋረን ሳይሆን ከኢግናዝ ናሸር ነው። በ1863 ቪየና የተወለደው ናሸር በሕፃንነቱ ኒው ዮርክ ገብቶ እዚያው ሐኪም ሆነ። ገና ተማሪ ሳለ አንዲት አሮጊት ስለ ሕመሟ ስታማርር ሰምቶ ምን እንደሆነች ቢጠይቅ፣ አስተማሪው እርጅና ነው፣ ምንም አይደረግላትም አለው ይባላል። እውነቱን ለመናገር ይህ መልስ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በየቤታችን እናት ጉልበቴን ስትል የምንሰጠው እሱኑ ነው። ናሸር መልሱ አልዋጥልህ አለው። በ1909 ባወጣው ጽሑፍ ለሙያው እስከ ዛሬ የሚጠራበትን ስም፣ ጄሪያትሪክስን፣ ፈጠረለት፤ በ1914 ደግሞ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አሳተመ። መግቢያውን የጻፈለት አብርሃም ጃኮቢ ነው፤ በአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አባት የሚባለው።

የናሸር ሐሳብ ጥልቀት ነበረው። ሕፃን ትንሽ አዋቂ እንዳልሆነ ሁሉ፣ አረጋዊም የተበላሸ ጎልማሳ አይደለም፤ እርጅና ራሱን የቻለ የሕይወት ደረጃ ነው፤ የዚያን ደረጃ ጤነኛ መልክ ሳያውቁ በሽታውን መለየት አይቻልም የሚል ነበር። ዛሬ አንድ ሐኪም የ80 ዓመት ሰው የኩላሊት ምርመራ ውጤት አይቶ የመድኃኒቱን መጠን ሲቀንስ በዚሁ ሐሳብ እየሠራ ነው። ከናሸር በፊትም ፓሪስ ውስጥ ዣን ማርታን ሻርኮ፣ ሳልፔትሪየር በተባለው ግዙፍ የአሮጊቶች ማደሪያ፣ ስለ አረጋውያን በሽታዎች በ1860ዎቹ አስተምሯል። ዕውቀቱ አልጠፋም ማለት ነው።

ታዲያ ከ1909 እስከ 1935 ለምን ምንም አልተንቀሳቀሰም? ናሸር ስምና መጽሐፍ ነበረው፤ ዋርድ አልነበረውም። ስለ አረጋውያን ያለው ርኅራኄም ሆነ ሳይንስ የማንንም በጀት አልነካም። ዋረን ግን ስም አልፈጠረችም፤ 714 አልጋ ነበራት። እንደ እኔ ሐሳብ የሙያው መወለድ የተወሰነው እዚህ ላይ ነው። ሙያው ቦታ ያገኘው ሽማግሌዎች ስላሳዘኑ ሳይሆን የተኙበት አልጋ ስለተፈለገ ነው።

ዋረን ያደረገችው ሲሰሙት ተራ ነገር ይመስላል። እያንዳንዱን ሰው ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ መረመረች። ከዚያ ለየች፤ በ1943 ባወጣችው ጽሑፍ አምስት ምድብ ትጠቅሳለች፦ መነሣት የሚችሉ፣ ከአልጋ ባይነሡም ሽንታቸውን የሚቆጣጠሩ፣ የማይቆጣጠሩ፣ አእምሯቸው ቢደክምም ሌላውን የማይረብሹ፣ እንዲሁም ለብቻቸው መያዝ ያለባቸው። ወላዶቹን ወደ ወላድ ክፍል፣ የአእምሮ ሕመምተኞቹን ወደሚገባቸው ቦታ ላከች። ግድግዳውን አስቀባች፣ መብራቱን አስተካከለች፣ ደማቅ የአልጋ ልብስ አስገባች፣ የሚይዙት የእጅ መደገፊያ አስገጠመች። ከዚያ ማስነሣት ጀመረች።

የማስነሣቱ ሥራ ለምን ሕክምና እንደሆነ ለመረዳት ስትሮክ ግራ ጎኑን የመታውን ሰው እንውሰድ። በተኛ በቀናት ውስጥ ያልታመመው እግሩ ሳይቀር ጡንቻው መሟሸሽ ይጀምራል። ጉልበቱ ታጥፎ ከቆየ ጅማቱ ያጥርና መዘርጋት ያቅተዋል፤ ስትሮኩ የተወለትን እንቅስቃሴ አልጋው ይወስድበታል። ትንፋሹ አጭር ስለሚሆን አክታ ሳንባው ውስጥ ይከማችና የሳንባ ምች ይከተላል። እግሩ ውስጥ ደም ይረጋል። አጥንቱ ካልሲየም ያጣል። ጀርባውና ተረከዙ ይቆስላሉ። ሆድ ድርቀቱ ፊኛውን ይጫነውና ሽንቱ ይፈሳል፤ ሽንቱ ሲፈስ ነርሷ ይህ ሰው አይነሣም ብላ ትደመድማለች። በውጭ አገር በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን ሕመምተኛን በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጡት በዚሁ ምክንያት ነው፤ የአልጋ ቁስል ምን እንደሆነ ከብዙ ሐኪም የተሻለ ያውቃሉ። ሪቻርድ አሸር የተባለው የለንደን ሐኪም በ1947 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የመተኛትን አደጋ ከሳንባ እስከ አንጀት እየዘረዘረ የጻፈው መጣጥፍ ዛሬም ይነበባል። እስከዚያ ድረስ አልጋ መድኃኒት ነበር፤ አሸር በሽታ አምጪ ብሎ ከሰሰው።

ስለዚህ ዋረን ስትሮክ የመታውን ሰው በመጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ቀጥሎ ወንበር ላይ፤ ቀጥሎ መደገፊያ ይዞ ይቆማል፤ የራሱን ልብስ ይለብሳል። ይህን ሐኪም ብቻውን አይሠራውም። ነርስ፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ ቤቱ ምን እንደሚመስልና ማን እንደሚቀበለው የሚያጣራ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ አንድ ላይ መቀመጥ አለባቸው። አሁን በየመማሪያ መጽሐፉ የቡድን ሥራ የሚባለው በውይይት የተነደፈ ፍልስፍና አልነበረም፤ አንዱን ሰው ከበር ለማስወጣት የግድ የሆነ ነገር ነው። ብዙዎች ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ለረጅም ጊዜ ሕሙማን የሚያስፈልጋት አልጋ ወደ 240 ወረደ፤ የተረፈውም ለሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች ተሰጠ።

ይህ ቁጥር የመንግሥትን ጆሮ ከፈተ። በ1939 ጦርነቱ ሲጀመር ለቦምብ ቁስለኞች አልጋ ለማስለቀቅ እጅግ ብዙ የቆዩ ሕሙማን ከሆስፒታል በጥድፊያ ተሸኝተው ነበር፤ ምን ዓይነት ሁኔታ ላይ እንደነበሩ የብዙው ባለሥልጣን ዓይን ያን ጊዜ ተገለጠ። በኤሴክስ፣ ኦርሴት በተባለ ሆስፒታል፣ ላየነል ኮሲን የተባለ ቀዶ ሐኪም ዳሌያቸው የተሰበረ አሮጊቶችን ቀዶ እያከመ ወዲያው ማስነሣት ያዘ፤ እስከዚያ ስብራቱ እንደ ሞት ፍርድ ይታይ ነበር። ትሬቨር ሃወል ደግሞ በቼልሲ የጡረተኛ ወታደሮች ሆስፒታል ሲያክም፣ ጤነኛ የሆነ ሽማግሌ የደም ግፊቱና ልቡ ምን መምሰል እንዳለበት የሚናገር መረጃ እንደሌለ አስተዋለ፤ የናሸር ጥያቄ በሌላ አገር እንደገና ተነሣ ማለት ነው። በ1947 ጥቂት ሐኪሞች ተሰብስበው ዛሬ የብሪታንያ ጄሪያትሪክስ ማኅበር የሚባለውን መሠረቱ። ሰብሳቢያቸው ሎርድ አሙልሪ የጤና ሚኒስቴር ሐኪም ስለነበር፣ ጉዳዩ ከመነሻው ቢሮ ውስጥ ወዳጅ አገኘ።

በሐምሌ 1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሲቋቋም ትልልቆቹ ሆስፒታሎችና የቀድሞ የድሆች መጠለያዎች አንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። በአንድ ሌሊት መንግሥት በሺዎች የሚቆጠሩ የሽማግሌ አልጋዎች ባለቤት ሆነ፤ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ደግሞ አልፈለጓቸውም። ለእነዚያ አልጋዎች ራሱን የቻለ ኮንሰልታንት (ከፍተኛ ስፔሻሊስት ሐኪም) መሾም አማራጭ የሌለው ነገር ሆነ። ሙያው በዚህ መንገድ ሥልጣን አገኘ፤ ነገር ግን ውርደቱንም አብሮ ወረሰ። የተሰጡት ሕንፃዎች ሰዎች በሐፍረት የሚጠሯቸው የድሮ መጠለያዎች ነበሩ። ዋረን በ1943 የጠየቀችው ሌላ ነበር፦ የአረጋውያን ክፍል በአጠቃላይ ሆስፒታል ውስጥ ይሁን፤ ኤክስሬዩና ላቦራቶሪው ቅርብ እንዲሆን፣ ተማሪውም ነርሷም እንዲያዩት። በብዙ ቦታ ይህ እስኪሆን ሌላ ትውልድ አልፏል። እሷም በ1960 በመኪና አደጋ ሞተች።

በዚያው በ1948 የታተመ አንድ ጥናት ነገሩን ከአልጋ አላቆታል። ጆሴፍ ሼልደን የተባለ ሐኪም ዎልቨርሃምፕተን ከተማ ውስጥ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄደ አያቸው። እያስታመማቸው ያለው ቤተሰብ፣ በተለይ ሴት ልጅ ነው፤ ሸክሙ እሷንም እየጎዳት ነው። ደረጃ ላይ፣ ጨለማ ውስጥ መውደቃቸውን እንደ ሕክምና ጉዳይ ቆጥሮ መዘገበው። በኋላ የአረጋውያን ሐኪሙ በርናርድ አይዛክስ የሙያው ግዙፎች ብሎ የሰየማቸው አራት ነገሮች፣ አለመንቀሳቀስ፣ መውደቅ፣ ሽንት አለመቋጠርና የአእምሮ መድከም፣ አንዳቸውም የበሽታ ስም አይደሉም። ሳንባ ምች የያዛቸው አሮጊት ሳል ሳይሆን መዘባረቅ ሊያሳዩ፣ የልብ ድካም ያለባቸው ሽማግሌ ወድቀው ሊገኙ ይችላሉ። ከበስተጀርባው ያለውን መፈለግ ነው ሙያው።

በ1965 ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ፈርገሰን አንደርሰንን የዓለም የመጀመሪያው የአረጋውያን ሕክምና ፕሮፌሰር አድርጎ ሾመ። አሜሪካ ውስጥ የሐኪሞች ማኅበር የተመሠረተው ቀደም ብሎ በ1942 ነበር፤ ግን እዚያ እንደ እንግሊዝ የአገሩን አልጋ ሁሉ የሚቆጥር አንድ መንግሥታዊ አካል አልነበረም፤ ሽማግሌው የሚተኛው በየግል መጦሪያው ስለሆነ አልጋው እንዲለቀቅ የሚቸኩል ሆስፒታል አልተገኘም። በዚያች አገር የመጀመሪያው የጄሪያትሪክስ ትምህርት ክፍል ማውንት ሳይናይ በተባለው የሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ በሐኪሙ ሮበርት በትለር መሪነት የተከፈተው በ1982 ነው፤ ናሸር በኖረባት በኒው ዮርክ፣ ስሙን ካወጣ ከ73 ዓመት በኋላ።