ኩማር ጋንዳርቫ፦ በሳንባ የማይለካ ድምፅ

ሂንዱስታኒ የሚባለውን የሰሜን ህንድ ረቂቅ ሙዚቃ የሚያዳምጥ ሰው ፊት የኩማር ጋንዳርቫን ስም ቢያነሱ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «እ! ያ ባለ አንድ ሳንባው!» ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። ሰውዬው በጎደለው ነገር ታውቆ፣ በሠራው ሳይታወቅ መቅረቱ ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ታሪኩን ባጭሩ ልጨርሰው። ሺቫፑትራ ኮምካሊማት እ.ኤ.አ. በ1924 በዛሬዋ ካርናታካ፣ ቤልጋም አጠገብ ተወለደ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ገና በልጅነቱ የታላላቅ ዘፋኞችን ሸክላ ሰምቶ ቁርጥ እነሱን አስመስሎ ይዘፍን ስለነበር፣ አንድ የሃይማኖት አባት በሰማይ ዘማሪዎቹ በጋንዳርቮች ስም ጠሩት፤ ስሙም በዚያው ጸና። በ11 ዓመቱ ቦምቤይ ገብቶ የቢ. አር. ዴኦዳር ተማሪ ሆነ። በ1947 ባኑማቲን አገባ። ብዙም ሳይቆይ ሳንባ ነቀርሳ ያዘውና ኢንዶር አጠገብ ባለችው ደረቅ አየር ባላት ደዋስ ከተማ አልጋ ላይ ዋለ፤ መዝፈን ቀርቶ ድምፁን ከፍ ማድረግ የማይችልባቸው ዓመታት አለፉ። ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት ደርሶ አተረፈው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደ መድረክ ሲመለስ ግን አንዱ ሳንባው ከጥቅም ውጭ ሆኖ ነበር። ባኑማቲ በ1961 በወሊድ ምክንያት አረፈች፤ በኋላ ዘፋኟን ቫሱንዳራን አገባ። በ1990 የአገሩን ሁለተኛ ከፍተኛ የሲቪል ሽልማት ፓድማ ቪቡሻንን ተቀበለ፤ በ1992 እዚያው ደዋስ ሞተ።

ራጋ ምን እንደሆነ ለማያውቅም አንድ ነገር ልበል። ራጋን «ቅኝት» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ግን ይጎድላል። ቡፓሊ የሚባለው ራጋ የሚዜምባቸው አምስት ድምፆች ከእኛው ሜጀር ትዝታ ጋር አንድ ናቸው። ዴሽካር የሚባለውም እነዚያኑ አምስቱን ይጠቀማል። ሆኖም ቡፓሊ የምሽት ነው፣ ዴሽካር የጧት፤ አንዱ ሦስተኛው ድምፅ ላይ ያርፋል፣ ሌላው ስድስተኛው ላይ። ስለዚህ ራጋ የድምፆች ዝርዝር ብቻ ሳይሆን የአካሄድ ሕግም ነው፦ የት እንደሚያርፉ፣ የትኛውን ነክተው እንደሚያልፉ፣ በየት በኩል እንደሚመለሱ።

አሁን ወደ ሳንባው። ኻያል በሚባለው ዋናው የአዘፋፈን ዓይነት፣ ብዙ ዘፋኞች በረጅሙ ተንፍሰው፣ አንዱን ድምፅ ከሌላው እያያያዙ ራጋውን ቀስ ብለው ይዘረጉታል። ኩማር እንዲህ አያደርግም። አንዲት አጭር ሐረግ ይወረውራል፤ ድንገት ይቆርጣታል፤ ዝም ይላል። ከዚያ ማንም ባልጠበቀው ከፍታ ላይ ይነሳል፤ ወይም ድምፁን አሳንሶ በሹክሹክታ ይመጣል። ይህንን የሰማ ሁሉ ማብራሪያው ኪሱ ውስጥ ነው፦ «ምን ያድርግ፣ ትንፋሽ አጥሮት ነው!»

ሕመሙ ምንም አልነካውም የምል ሞኝ አይደለሁም። ግን የትንፋሽ ማጠር የሐረግን ማጠር ሊያመጣ ይችላል እንጂ የት ላይ መቁረጥ እንደሚያምር አያስተምርም። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ትንፋሹ ባለቀበት ይቆማል። ኩማር የሚቆመው ራጋው በሚጠይቀው ቦታ ነው፤ ብዙ ጊዜም ገና መቀጠል እየቻለ።

ይህን ከየት አመጣው? ከአልጋው አጠገብ። ደዋስ ያለችው ማልዋ በሚባለው አገር ነው። የማልዋ ሴቶች ለሠርግ፣ ለዝናብ፣ ለበዓል ይዘፍናሉ፤ መናንያን ዮጊዎች የጥንቱን ገጣሚ የካቢርን ግጥም እያዜሙ በየበሩ ይለምናሉ። መዝፈን የተከለከለው ሰው ያለው ሥራ መስማት ብቻ ነበርና ሰማ። ከሦስት ከአራት ድምፅ የማይበልጡ ዜማዎች፣ ባጭር ባጭሩ እየተቆረጡ፣ ሙሉ ስሜት ሲሸከሙ አስተዋለ። ሲሻለው እየዞረ ሰበሰባቸው፣ በኖታ ጻፋቸው። ራጋዎች የበቀሉት ከሕዝብ ዜማ ነው ብሎ አመነና ከእነዚያው ዜማዎች አዳዲስ ራጋዎችን አወጣ። «አኑፕ ራግ ቪላስ» የተባለውን የድርሰቶቹን መጽሐፍ በ1965 አሳተመ። የጋንዲ መቶኛ የልደት ዓመት ሲከበርም «ጋንዲ ማልሃር» የሚል ራጋ ሠርቷል።

ሌላም አለ። ያኔ አንድ ተማሪ የአንድ ጋራና፣ ማለትም የአንድ የአዘፋፈን ቤት፣ ታማኝ ልጅ ሆኖ ነበር የሚያድገው፤ የሌላውን ቤት መቅዳት ነውር ነበር። ዴኦዳር ግን ከየትም የሚማር፣ ተማሪዎቹንም ከየትም እንዲሰሙ የሚፈቅድ ሰው ነበር። ኩማር መምረጥን የተማረው ሁለቱም ሳንባዎቹ ጤነኛ ሳሉ ነው። ደግሞስ ቫሱንዳራ እና ልጁ ካላፒኒ በዚያው መንገድ ሲዘፍኑ የእነሱን ትንፋሽ ማን አሳጠረው?

የእኔ ተወዳጅ ማስረጃ ግን ታንፑራው ነው። ታንፑራ ከዘፋኙ ጀርባ ተይዞ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት የሆኑት አውታሮቹ በጣት ሳይጫኑ ያለማቋረጥ የሚደረደሩበት መሣሪያ ነው፤ ዜማ አይጫወትም። በአውታሩና በድልድዩ መካከል የምትገባ ቀጭን ክር ድምፁን እዝዝ ታደርገዋለች፤ በገና የሚያውቅ እንዝራውን ያስታውስ። ኩማር ታንፑራዎቹን ሲቃኝ ለማንም የማይቸኩል ሰው ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ እሱ ሲያቆም የሚሰማው ታንፑራው ነው። በረጅሙ የሚዘፍን ሰው የታንፑራውን ስህተት በድምፁ ይሸፍናል፤ ዝምታን የዘፈኑ አካል ያደረገ ሰው መሸፈኛ የለውም። ሐረጉ ከዚያ እዝዝታ ውስጥ ይወጣል፣ ወደዚያው ይገባል።

ለዚህ ነው በስልክ ድምፅ ማጉያ የሚያዳምጡትን የምቆጣው። ያቺ ትንሽ ማጉያ ወፍራሙን ድምፅ ስለምትውጠው ታንፑራው ይጠፋል፤ የቀረው በርግጥም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ይመስላል። አንድ ወዳጄ ቡና እየተጠጣ፣ ጨዋታ በደራበት ቤት እንዲህ ከፍቶት «ይኼ ሰውዬ ለምን ይቆራርጠዋል?» ብሎኛል። የቆራረጠው የእኛ ወሬ ነበር። እኛ አገር «የህንድ ዘፈን» ሲባል የሲኒማው ትዝ ይለናል፤ እኔም እወደዋለሁ፤ ያ ግን ጨዋታ ይችላል፣ ይኼ አይችልም።

መጀመር ለሚፈልግ በካቢር ዝማሬዎቹ ይጀምር። ካቢር የ15ኛው ክፍለ ዘመን የቤናረስ ሸማኔ ገጣሚ ነው፤ ምስልና ቅርጽ የሌለውን አምላክ የሚያወድሱ ግጥሞቹን ኩማር ከለማኞቹ ዮጊዎች ተቀብሎ ትልቁ መድረክ ላይ አወጣቸው። ቋንቋውን አለማወቅ አያግድም። ቀጥሎ ወደ ራጋዎቹ ይለፍ፤ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ዘልሎ ወደ ፈጣኑ ክፍል መሮጥ ግን ክልክል ነው። እንቅልፍ እንዲያመጣላችሁ የምትከፍቱት ከሆነም ተዉት። ሁለተኛዋ ሐረግ ላይ ከአልጋ ያስነሳችኋል።