አያት በእውነት የምትፈለገው መቼ ነው?



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጉዳይ በየቤታችን ያለ፣ ነገር ግን ከመሥሪያ ቤት ደክመን ስንገባ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የሚያልፍ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የልጅ ዕድገት ነው። ልጅ በራሱ ጊዜ የሚያድግ ይመስለናል። ቁመቱ ከእኩዮቹ ያነሰ እንደ ሆነም «በዘራችን ነው፤ አያቱም አጭር ነበሩ» ብለን እናልፈዋለን። እርግጥ ነው፤ ቁመት ከዘር ይወረሳል። ነገር ግን ከዘር የሚወረሰው ልጁ ሊደርስበት የሚችለው ወሰን ነው እንጂ በእርግጥ የሚደርስበት መጠን አይደለም። ወደ ወሰኑ የሚያደርሰው ወይም በመንገድ የሚያስቀረው፣ ያጎረሰው እጅና ሲያለቅስ ያነሣው እጅ ነው።

ለዚህም ምስክር ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በ1992 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ልጆች ከመቶው 58ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው በታች ነበር፤ ዛሬ መቀንጨር የምንለው ይህ ነው። በ2011 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 37 ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በ19 ዓመት ውስጥ የአንድ ሕዝብ ዘር አይለወጥም። እንዲሁም በ2008 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከመቶው 46ቱ የቀነጨሩ ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ ግን 15 ያህል ብቻ ነበሩ። የአዲስ አበባ ልጅ አያቶቹ ብዙውን ጊዜ ከገጠር የመጡ ናቸውና ልዩነቱ የደም ልዩነት ነው ሊባል አይቻልም። ይሁን እንጂ ከመቶው 15 ማለት ውኃና መብራት ገብቶለት፣ ሐኪም ቤትም በአቅራቢያው ቆሞለት ሳለ ዕድገቱ የሚጓደል የከተማ ልጅ ጥቂት አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ አያት ልምጣ።

የአያት ድርሻ የሚጀምረው ልጁ ከመወለዱ በፊት፣ እንዲያውም እናቱ ከመወለዷ በፊት ነው ብል የማጋንን ይመስላችሁ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ሴት ልጅ በእናቷ ማሕፀን ሳለች፣ ወደ ፊት ልጆች የሚሆኗት የእንቁላል ሕዋሳት በሙሉ በሰውነቷ ውስጥ ተፈጥረው ያልቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ቁጥራቸው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። እንግዲህ አንዲት ሴት ሴት ልጅ በምታረግዝበት ጊዜ፣ የልጅ ልጇ አንዱ ግማሽ በዚያው በሆዷ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ይህ ነገር በምግብ በኩል ምን ውጤት እንዳለው በጓቲማላ የተደረገ አንድ ሥራ በግልጥ ያሳያል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1969 እስከ 1977 በአራት መንደሮች ውስጥ ለእናቶችና ለሕፃናት መጠጥ ይታደል ነበር። በሁለቱ መንደሮች የሚታደለው አቶሌ የሚሉት፣ የእኛን አጥሚት የሚመስልና ወተት የገባበት ገንቢ መጠጥ ነበር፤ በሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ ጣፋጭ ብቻ የሆነ፣ ሰውነት የሚገነባ ነገር የሌለበት መጠጥ ነበር። ሕክምናው ለአራቱም እኩል ነው። ዓመታት አልፈው ሕፃናቱ ጎለመሱ፤ ሴቶቹም ወለዱ። በልጅነታቸው አቶሌውን የጠጡት ሴቶች የወለዷቸው ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ሲወለዱ በአማካይ 116 ግራም ያህል ክብደት፣ በኋላም ከ1 ሳንቲሜትር በላይ ቁመት ጨምረው ተገኙ። ልጆቹ ራሳቸው አቶሌውን አልቀመሱትም፤ የጠጡት እናቶቻቸው ናቸው፤ ጽዋውን ይዘው ያጠጧቸው ደግሞ አያቶቻቸው ናቸው። በዚያው ሥራ አቶሌውን በሕፃንነታቸው፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የጠጡት ወንዶች ካደጉ በኋላ በሰዓት የሚያገኙት ደመወዝ ከመቶ 46 ያህል በልጦ ታይቷል። ደመወዝን በሚመለከት ለመንግሥት ሠራተኛ ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም።

እንግዲህ ጊዜው፣ ማለትም ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ያለው ወራት፣ ትልቅ ነገር መሆኑን እናስተውል። ቀጥሎ የምናገረው ሁሉ በዚህ ላይ የሚያርፍ ነው።

በታንዛንያ በኢያሲ ሐይቅ አጠገብ ሐድዛ የሚባሉ፣ በአደንና ከዱር በሚለቀም ምግብ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ክሪስተን ሆክስ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የእነዚህን ሰዎች ኑሮ ሲያጠኑ፣ አሮጊቶቹ ከወጣቶቹ ባልተናነሰ ትጋት ደረቅ መሬት እየማሱ ሥራ ሥር ሲያወጡ አዩ። ልጆቹን እየመዘኑም አንድ ነገር ተገነዘቡ። እናት አራስ ባልሆነች ጊዜ የልጇ ክብደት የሚጨምረው እሷ ምግብ ለመፈለግ በደከመችው መጠን ነው፤ ሌላ ሕፃን በወለደች ጊዜ ግን ጡት የጣለው ታላቅዬው ክብደቱ የሚጨምረው አያቱ በማሰችው መጠን ሆነ። የእናት እጅ በታናሹ ሲያዝ የአያት እጅ ታላቁን ይይዛል ማለት ነው።

ከዚህ ይልቅ ሰፊ የሆነው ማስረጃ የመጣው ከጋምቢያ ነው። ኢያን ማግሬገር የተባለ ብሪታንያዊ ሐኪም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1950 ጀምሮ በአራት የገጠር መንደሮች የሚወለደውንና የሚሞተውን እየመዘገበ፣ ልጆቹንም እየመዘነና እየለካ እስከ 1974 ድረስ ቆየ። ይህን መዝገብ በኋላ ሬቤካ ሲርና ሩት ሜስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሲመረምሩት፣ ከእናት ቀጥሎ ለልጅ ዕድገትና በሕይወት መቆየት የጠቀመችው የእናት እናት ሆና ተገኘች። የእርሷ ጥቅም ጎልቶ የታየውም ልጁ በተወለደ ሰሞን አይደለም፤ ጡት የሚተውበትና ድክ ድክ የሚልበት ወራት ላይ ነው። ታላላቅ እኅቶችም ጠቅመዋል። የአባት እናት በዚያ አገር ይህን ያህል ለውጥ አላሳየችም፤ አባትም ቢኖር ባይኖር በልጁ መትረፍ ላይ ልዩነት አልታየም። ይህን የሚያዳምጡ የአባት እናቶች እንዳይቀየሙኝ አደራ እላለሁ፤ በሌሎች አገሮች በተደረጉ ጥናቶች እነርሱም በብዙ ቦታ ጠቃሚ ሆነው ተገኝተዋል። አባቶች ግን ብንቀየምም የሚገባን ይመስለኛል። በጋምቢያ መንደር ያሉት አባቶች የልጁን ምግብ በእጃቸው አይነኩም ነበርና፤ በእኛስ ቤት ስንቶቻችን እንነካለን?

አሁን ወደ ራሳችን ልማድ እንመለስ። ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ወደ እናቷ ቤት መሄዷ፣ ወይም እናቷ ልታርሳት ቅቤዋንና የገንፎ ዱቄቷን ይዛ መምጣቷ የቆየ ልማዳችን ነው። ይህ ልማድ ጥበብ ያለበት ነው። አራሷ ታርፋለች፤ ትመገባለች፤ ሕፃኑን እንዴት እንደምትይዘው በዐይኗ እያየች ትማራለች። ነገር ግን ክርስትናው በዐርባና በሰማንያ ቀን ከተነሣ በኋላ አያት ወደ አገሯ ትሸኛለች። እርሻው አለ፤ ከብቱ አለ፤ የከተማውም ቤት ጠባብ ነው። እንግዲህ አስተውሉ። የጋምቢያው መዝገብና የሐድዛዎቹ ሚዛን የአያት እጅ ከምንም በላይ የጠቀመበት ነው ያሉት ጊዜ ልጁ ምግብ መቅመስ ከሚጀምርበት ከስድስተኛው ወር ወዲህ ያለው ነው። እኛ ግን አያትን የምንጠራው በደስታው ሰሞን ነው፤ የምንሸኛትም ሥራዋ ገና ሊጀመር ሲል ነው።

በከተማ ደግሞ በዚሁ ጊዜ ሌላ ነገር ይደረባል። የእናት የወሊድ ፈቃድ ያልቃል፤ በብዙ ቤት ልጁ ስድስት ወር ሳይሞላው እናት ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛዋ ትመለሳለች። ልጁ ከሞግዚት ጋር ይውላል። ሞግዚቷም ብዙ ጊዜ ራሷ ልጅነቷን ያልጨረሰች፣ ከገጠር በቅርቡ የመጣች፣ ማድ ቤቱንም ልብሱንም የምታጥብ ልጅ ናት። እርሷን ለመውቀስ አይደለም፤ የሦስት ሰው ሥራ በአንድ ሰው ላይ ጭነን ልጁ በጡጦ ቀጭን አጥሚት ቢሰጠው የሚደንቅ አይደለም። ቀጭን አጥሚት የሕፃኑን ትንሽ ሆድ በውኃ ይሞላዋል፤ ልጁ ጠገብኩ ብሎ ይተኛል፤ አጥንቱ ግን አልጠገበም። በ2008 ዓ.ም. ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉት የአገራችን ልጆች ለዕድሜያቸው የሚበቃውን ያህል ምግብ በዓይነትና በቁጥር ያገኙት ከመቶው 7 ብቻ ነበሩ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ማንኪያ ላይ የሚቆም ወፈር ያለ ገንፎ፣ በውስጡም እንቁላል ወይም ወተት ወይም ጥራጥሬ የገባበት፣ በቀን ደጋግሞ፣ በትዕግሥት መጉረስ ይፈልጋል። ትዕግሥቱ ከገንፎው ይልቅ ውድ ነው። ፊቱን ያዞረ ሕፃን ከአንድ ጉርሻ በኋላ የሚተወው ሰውና እያጫወተ አምስት ጉርሻ የሚጨምርለት ሰው፣ በዓመቱ ሁለት የተለያየ ልጅ ያሳድጋሉ።

እያጫወተ ያልኩትም ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅ ቋንቋ የሚማረው ድምፅ በመስማት ብቻ ሳይሆን ድምፅ ሲያሰማ መልስ የሚሰጠው ሰው በማግኘቱ ነው። አያት እሹሩሩ ትላለች፤ ታሞግሳለች፤ «ማነው የኔ ጌታ?» ብላ ጠይቃ መልሱን ትጠብቃለች። ቴሌቪዥን መልስ አይጠብቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ዓመት ያልሞላው ልጅ ጨርሶ ከቴሌቪዥን ፊት እንዳይቀመጥ የመከረው በዚህና በመሰለው ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ አያትን ማምጣት ብቻውን ይበቃል ብል እውነቱን ግማሹን መናገር ይሆንብኛል። አያት እጅ ብቻ ይዛ አትመጣም፤ የምታውቀውንም ይዛ ትመጣለች። ካመጣችውም ውስጥ ዛሬ ጎጂ መሆኑ የተረጋገጠ አለበት። የመጀመሪያውን ቢጫማ ወተት፣ እንገሩን፣ አልቦ መድፋት አንዱ ነው፤ በሽታ የሚከላከል ነገር በብዛት የሚገኘው ግን በዚያ ውስጥ ነው፤ ለሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባቱ እንደ ማለት ነው። ለአራስ ልጅ ቅቤ ማስዋጥ፣ ሆዱን ቁርጠት ያዘው ብሎ የአብሽ ውኃ ማጠጣት ሌላው ነው፤ እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ውኃ እንኳ አያስፈልገውም። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀልማ ደም የሚያፈስሱ፣ በሽታ የሚያስገቡ፣ ሕይወትም የሚያሳልፉ ናቸው።

በዚህ ጊዜ በብዙ ቤት የሚሆነውን አውቃለሁ። የተማረችው ምራት ወይም ልጅ «ሐኪም አይሆንም ብሏል» ትላለች፤ አያት «አንቺን ያሳደግሁት በሐኪም ነው?» ትላለች፤ አባወራው ጋዜጣውን ይገልጣል። የአያት ቃል የሚከበደው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐኪም ቤት በሌለበት ዘመን ልጆች ቀብራ፣ ልጆችም አሳድጋ ያገኘችው ዕውቀት ነው። ቀድሞ ነገር ስሕተቱ የእርሷ ብቻ አይደለም። የጤና ምክር ሲሰጥ የሚሰጠው ለእናት ብቻ ነው፤ እናት ግን በገዛ ቤቷ የመጨረሻው ቃል የእርሷ ያልሆነባት ጊዜ ብዙ ነው። ለቃሉ ባለቤት ያልተነገረ ምክር ከደጅ አይገባም።

ስለዚህ በበኩሌ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። አያት ለአራስ ቤት የምትመጣበት ጉዞ ካልቀረ ሁለተኛውን ጉዞ እንጨምር፤ ልጁ ስድስት ወር ሲሞላው ተጠርታ ቢቻል እስከ ዓመቱ፣ ባይቻል ለጥቂት ወራት ትቀመጥ። የመሳፈሪያዋን መስጠትና በአገር ቤት ለሚጎድለው እርሻ የሚሆን ገንዘብ መላክ የልጅ ወጪ ተብሎ ይቆጠር፤ ለክርስትናው ድግስ ከምናወጣው አይበልጥም። ስትመጣም በሞግዚት ምትክ ልብስ አጣቢ ልናደርጋት አይገባም። ጉልበቷ የደከመ ሰው ናትና ከባዱ ሥራ ለሞግዚቷ፣ ማጉረሱና ማጫወቱ ለአያት ይሁን። እናቷ ያረፈችባት፣ ወይም ሩቅ ሆና መምጣት የማትችል ትኖራለች፤ ለእንዲህ ያለችው ቤት ጎረቤት ያለች ባልቴት፣ ወይም በአንዳንድ መሥሪያ ቤት የተከፈተው የሕፃናት ማቆያ በከፊል ይተካል። የጋምቢያ ታላላቅ እኅቶች ጠቀሙ ስለ ተባለ ግን ሴት ልጃችንን ከትምህርት ቤት እንዳናስቀራት፤ የጓቲማላው ሥራ እንዳሳየው የዛሬዋ ልጃገረድ የነገው ልጅ አያት ናት።

ምክሩንም ለአያት የሚያደርሰው ምራት ባትሆን ይሻላል። ልጁ በዘጠነኛው ወር ለኩፍኝ ክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ በዐሥራ አምስተኛው ወርም ይመለሳል። በዚያን ቀን «እማማ፣ እርስዎም አብረውን ይምጡና ሲለካ ይዩልኝ» ብሎ መጋበዝ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ክብር ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ቁመቱ የሚለካው በጀርባው ተጋድሞ ስለ ሆነ ራሱን ይዞ የሚያባብለው ሰው ያስፈልጋል። አያት ራሱን ትያዝ። ነርሷም ቁጥሩን በካርዱ ላይ ስትጽፍ መስመሩ ከባለፈው ወደ ላይ መውጣቱን ወይም መቆሙን ለእርሷ ታሳያት፤ ስለ ገንፎው ውፍረትም ለእርሷ ትንገራት፤ እናትና አባት በዚያን ሰዓት አጠገቧ ቆመው ያዳምጡ።