ፒ.ኤስ.ኤ. ከፍ አለ ማለት ካንሰር ነው ማለት ነው?

በዕድሜ የገፉ አባቶች ሌሊት ለሽንት ደጋግመው ሲነሱ «የእርጅና ነገር ነው» ብለው ያልፉታል። ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባል የደም ምርመራ ሊታዘዝላቸው ይችላል። ውጤቱ ከፍ ብሎ ከተገኘ ቤተሰቡ ሁሉ «ካንሰር ነው» ብሎ ይደነግጣል። ቁጥሩ ብቻውን ግን ይህን አይናገርም።

ፒ.ኤስ.ኤ. ጤናማ የፕሮስቴት ዕጢም የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው። ሥራው የዘር ፈሳሽን ማቅጠን ሲሆን፣ ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂቱ ነው። ዕጢው በዕድሜ ሲተልቅ፣ ሲቆጣ ወይም ካንሰር ሲይዘው በደም ውስጥ ያለው መጠን ይጨምራል።

ዕጢው የሚቆጣው ሁልጊዜ በጀርም አይደለም። የሰውነታችን ዘብ የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት ባዕዱን ያጠቃሉ፤ የራስን አካል ይተዋሉ። ለረጅም ጊዜ የፕሮስቴት መቆጣትና የዳሌ ሕመም ካለባቸው ወንዶች በአንዳንዶቹ ላይ ግን እነዚህ ሕዋሳት የዕጢውን ፕሮቲኖች እንደ ጠላት ሲቆጥሩ ተመራማሪዎች ተመልክተዋል። ጀርም ሳይኖር ሕመሙ የሚቆይበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

በካንሰር ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። የካንሰሩ ሕዋሳት ከራስ አካል የወጡ በመሆናቸው ዘቦቹ ብዙውን ጊዜ ዝም ብለው ያልፏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የተፈቀደው ሲፑሉሴል-ቲ የተባለ ሕክምና ዓላማው ዘቦቹን ማንቃት ነው። ከታማሚው የተወሰዱ ነጭ ሕዋሳት ፒ.ኤ.ፒ. ከተባለ ሌላ የፕሮስቴት ፕሮቲን ጋር በላቦራቶሪ ይተዋወቁና በደም ሥር ይመለሱለታል፤ ይህም ሦስት ጊዜ ይደረጋል። 512 ወንዶች በተሳተፉበት ጥናት፣ ካንሰሩ ለተሰራጨባቸው ታማሚዎች ዕድሜን በመካከለኛ ስሌት አራት ወር ገደማ ጨምሯል። ፈውስ አይደለም። የሚገርመው፣ ሕክምናውን ካገኙት በአብዛኞቹ ላይ የፒ.ኤስ.ኤ. ቁጥር ብዙም አልወረደም።

ስለዚህ አባት ውጤት ይዘው ሲመጡ ሐኪሙን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ኢንፌክሽን አለ ወይ? ምርመራው መቼ ይደገም? ኤምአርአይ ወይም የናሙና ምርመራ ያስፈልጋል? ደም የቀላቀለ ሽንት፣ የሽንት መዘጋት ወይም የማይለቅ የአጥንት ሕመም ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም።

አባቶችም ሕመሙን በሐፍረት አይደብቁት። አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ ካንሰር የተያዘ ሰው ከሌላው ይልቅ ለበሽታው የተጋለጠ ነውና፣ ለወንዶች ልጆች መንገር እነሱም በጊዜ እንዲመረመሩ ይረዳል።