በቃሊቲ ፎቶግራፍ ቤቶች የጉርድ ፎቶግራፍ ገጽ አሰነዳድ

ቃሊቲ በአዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ የምትገኝ የፋብሪካ፣ የመጋዘንና የጉምሩክ ሰፈር ናት። በዚያ ለሥራ የሚቀጠርም ሆነ መታወቂያ የሚያወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ጉርድ ፎቶግራፍ ይጠየቃል። ፊቱ የጨለመ ወይም የተለጠጠ እንደ ሆነ ፎቶግራፉ ስለ ባለቤቱ አይመሰክርም፤ የዕለት ሥራውን ትቶ የመጣውም ሠራተኛ ሁለተኛ ለመክፈል ይገደዳል። ስለዚህ ቴምፕሌት የሚባለው ገጽ እንዴት እንደሚሰናዳ ባጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ቴምፕሌት ማለት የእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ቦታና ልክ አስቀድሞ የተወሰነበት ገጽ ነው። ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት በጠመኔ እንደሚያሰምር ያለ ነው።

አንደኛው ነገር ልክ ነው። ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች፣ ይኸውም በ2.54 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 300 ነጥብ ይመደባል። እንግዲህ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወረቀት 1181 በ1772 ነጥብ ሲሆን፣ 3 በ4 የሆነው ጉርድ ፎቶግራፍ 354 በ472 ይሆናል። በወረቀቱ ላይ 3 በ3 ተደርድረው 9 ፎቶግራፎች ይገባሉ፤ በመካከላቸውም ለመቀስ 2 ሚሊ ሜትር ሲተው በግራና በቀኝ 3 ሚሊ ሜትር ይተርፋል። ፎቶግራፎቹን አጋድሞ 10 ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን 5 ጊዜ 3 ልክ 15 ስለሚሆን በዚያ በኩል ለመቀስ ምንም ቦታ አይቀርም። ያለ ጠርዝ የሚያትም መኪናም ዳር ዳሩን ጥቂት ስለሚበላ የዳሮቹ ፎቶግራፎች ይጎድላሉ። አንዱን እናተርፋለን ሲሉ አራቱን ማጣት ይመጣል።

ሁለተኛው ነገር የፊት ቅርጽ ነው። ለዲቪ የሚነሣው ፎቶግራፍ አራት ማዕዘኑ እኩል ሆኖ ቢያንስ 600 በ600 ፒክስል ነው። ይህን በ3 በ4 ቦታ ጨምቆ ማስገባት ፊትን ያቀጥናል። ከጎንና ከጎኑ ተቆርጦ 450 በ600 ቢሆን ግን ቅርጹ ይጠበቃል፤ ነጥቡም ይበቃል።

ሦስተኛው የሥዕሉ ምንጭ ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ሥዕል ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል የተላከው ግን እንዳለ ይደርሳል። ርዝመቱ 1280 ፒክስል የሆነ ሥዕል በ15 ሳንቲ ሜትር ሲዘረጋ በኢንች 217 ነጥብ ያህል ብቻ ይኖረዋል። በኮምፒዩተር ቁጥሩን ወደ 300 መለወጥ ያልነበረውን ዝርዝር አይፈጥርም።

አራተኛው ብርሃን ነው። ነጭ ግድግዳና ነጭ ነጠላ ካሜራውን ያታልሉታል፤ ብርሃኑ የበዛ መስሎት ሲቀንስ የጠይም ሰው ፊት ይጨልማል። ችግሩ የቆየ ታሪክም አለው፤ የኮዳክ ኩባንያ ለቀለም መመዘኛ ያሠራጫቸው የነበሩት ካርዶች ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴቶች ሥዕል ነበሩ። ስለዚህ ባለሙያው የብርሃኑን ልክ ከልብሱ ሳይሆን ከፊቱ ሊወስድ ይገባል። ሁሉንም ፊት በአንድ ዓይነት የሚያነጣ ማስተካከያ በቴምፕሌቱ ውስጥ ማስቀመጥም መልክን ከማበላሸት በቀር አይጠቅምም።

ገጹ ከተሰናዳ በኋላ «ከወረቀቱ ጋር አስማማ» የሚለው ትእዛዝ ጠፍቶ በመቶ በመቶ ልክ አንድ ቅጂ ታትሞ በማስመሪያ ይለካ። 3 ሳንቲ ሜትሩ 3 ሆኖ ከተገኘ ቴምፕሌቱ ይቀመጥ፤ ከዚያ ወዲያ ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ያገለግላል።